የጦጣዋ ሐቅ

በጊንጪ አቅራቢያ በጭልሞ ጫካ ዳር፣ በአምቦና በጉደር ዙሪያም፣ በቆሎ እሸት በሚደርስበት ወቅት ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ጦጣን የሚያውቃት በጠላትነት ነው። ቀመሌ ይላታል በኦሮምኛ። ወንጭፉን ያስወነጭፋል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ይጮኻል፤ እርሷም እሸቷን ታቅፋ ዛፍ ላይ ትወጣለች። ይኸው ልጅ ሕፃን ሳለ ጤና ጣቢያ ተወስዶ የፖሊዮ ጠብታ ቀምሷል። ጠብታዋ ከጦጣ ጋር ምን ዝምድና እንዳላት ግን ለወላጆቹ የነገራቸው የለም። ውድ አንባብያን፣ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህንኑ ዝምድና የሚመለከት ነው፦ ሰውን ለማዳን ሲባል እንስሳን ማሠቃየት ይፈቀዳልን? ከተፈቀደስ እስከ ምን ድረስ?

እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የተፈቀደው የዶክተር ጆናስ ሶልክ የፖሊዮ ክትባት የተሠራው ቫይረሱን በጦጣ ኩላሊት ላይ በማራባት ነበር። ለዚህም ከሕንድ ሬሰስ የሚባሉት ጦጣዎች በመቶ ሺዎች እየተጫኑ ተወሰዱ። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ በመጣ ጊዜም የተመረተው ክትባት ሽባ የማያደርግ መሆኑን ለማረጋገጥ በጦጣዎች አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይወጋ ነበር። ይህን ሳንሰማ የኖርነው ስለተደበቀ ሳይሆን ስላልጠየቅን ነው።

በ1962 ደግሞ በጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንዲት አፍሪካዊ ጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ወስደው በብልቃጥ ማራባት ጀመሩ። ጦጣዋ በእኛ አገር ጫካ ከሚኖረው ዝርያ ጋር የቅርብ ዘመድ ናት። ሕዋሱ «ቬሮ» ተባለ፤ እስከ ዛሬም እየተባዛ ይኖራል። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ዛሬ ክንዱ ላይ የሚወጋው ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚመረተው በዚሁ ሕዋስ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የቆየው ከበግ አንጎል የሚሠራ ሲሆን፣ በሽተኛው ሆዱ ላይ በየቀኑ እየተወጋ ይሰነብት ነበር። በ2021 ወደ አገራችን የገባው የሲኖፋርም የኮቪድ ክትባትም የተመረተው በቬሮ ነው። እንግዲህ «እኔ በዚህ ጉዳይ የለሁበትም» ሊል የሚችል የተከተበ ሰው ማነው?

አንዳንዶች «እንስሳት ለሰው ልጅ የተገሩ ናቸው፤ ምን ያጠያይቃል?» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የተገራልን ነገር ሁሉ የፈለግነውን እንድናደርግበት አልተሰጠንም። በግ ማረድ የተፈቀደለት ሙስሊም ቢላዋውን እንዲስል፣ በጉ እያየው እንዳይስልም ታዟል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድርም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለች ሴት የነገሩን ይታወቃል፤ ሴትየዋ የተጠየቀችው ስለ አንዲት ድመት ነው። ታዲያ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ዓመታት ስለምትቆየው ጦጣ አንጠየቅም ማለት እንዴት ይቻላል?

በሌላው ወገን ደግሞ የጦጣና የሕፃን ነፍስ እኩል ነው የሚሉ አሉ፤ በተለይ በአውሮፓ። እኛ በዚህ አንስማማም። እግሩ ሽባ ሆኖ በዘንግ የሚሄድ ሰው ያየ ይህን ለመናገር አንደበቱ የሚፈታ አይመስለንም።

የሸሪዓ ሊቃውንት ስለ ደሩራ ያስቀመጡት ሚዛን እዚህ ላይ ይረዳናል። ችግር ክልክሉን ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን በችግሩ ልክ የተሰፈረ ነው። ይህን ሚዛን ይዘን ስንመለከት ነገሩ ይለያያል። ሕንድ በ1978 ጦጣ ወደ ውጭ መላክ ያቆመችው፣ ለሕክምና ተብለው የተወሰዱት በአሜሪካ ለጦር መሣሪያ የጨረር ሙከራ መዋላቸው ስለታወቀ ነው። ይህ አማናን መብላት እንጂ ደሩራ አይደለም። ለፊት ቅባትና ለሽቶ ተብሎ የሚደረገውማ ለክርክርም አይበቃ።

ከሁሉ የሚከብደን ግን ሌላ ነው። የቢጫ ወባ ቫይረስ በ1927 የተለየው ጋና ውስጥ ከታመመ አሲቢ ከሚባል ሰው ደም ተወስዶ ሬሰስ ጦጣ ላይ ተወግቶ ነው። ብዙ ጦጣዎች ሞቱ፤ ከተመራማሪዎቹም አድሪያን ስቶክስ በዚያው በሽታ አለፈ። በ1930ዎቹ ማብቂያ ክትባቱ ተገኘ፤ ማክስ ቴይለርም ስለዚሁ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ከ1960 እስከ 1962 ድረስ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 30,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ክትባቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ እነርሱ ዘንድ አልደረሰም። የፖሊዮውም ቢሆን በ1955 ተገኝቶ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1980 ነው። እንስሳይቱ «ለሰው ልጅ» ተብላ ከሞተች በኋላ መድኃኒቱ ለከፊሉ የሰው ልጅ ብቻ ከደረሰ፣ የተጠራው ስም ሐሰት ሆኗል ማለት ነው። ጦጣዋም ሕፃኑም በአንድነት ተበድለዋል።

ችግሩ ሲጠብ ፈቃዱም መጥበብ አለበት ብለናል። የጦጣውን የአንጎል መርፌ በአይጥና በዘረመል ምርመራ መተካት ተችሏል። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት፣ ለጦጣዎች ከተሰጠው 500 እጥፍ ባነሰ መጠን ተሰጥቶ ስድስት ጤነኛ ወጣቶችን ለሞት አቅርቧቸዋል፤ ጦጣዎቹን ግን አልጎዳቸውም ነበር። አሜሪካም በታኅሣሥ 2022 ባወጣችው ሕግ፣ አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳ ይሞከር የሚለውን ግዴታ አንሥታለች።

ቢሆንም ለኤችአይቪና ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት ሲፈለግ እስካሁን ጦጣዎች ይያዛሉ፤ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሕዋስ ሳል አይዝምና ለዚህ አይበቃም። ይህን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እናቀርባለን፤ በጉደር ማሞ መዝምር ግቢ የእንስሳት ሕክምና ለሚማሩ ወጣቶችም እንዲሁ። ምናልባት ውጤት የሚሰጥ ሙከራ፣ እርግጠኛ ለሆነ ሥቃይ በቂ ምክንያት የሚሆነው ስንት ጊዜ ሳይሳካ እስኪቀር ድረስ ነው?