ዳገቱ የግል፣ ቁልቁለቱ የጋራ

የሚያደርሰው ዕቃ ሳይኖረው፣ የታመመ ዘመድ ሳይጠብቀው፣ ገበያም ሳይጠራው፣ ዳገትን ለዳገትነቱ ብቻ የሚወጣ ሰው ምን ያህል ክብር ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ስለ ድካም፣ ስለ ነፃ ፈቃድና ስለ ዕዳ ያለንን አስተሳሰብ ሁሉ የሚነካካ ሆኖ ይገኛል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ነገሩን በብስክሌተኛ አስመስዬ ለመመርመር እሞክራለሁ። ለምን በብስክሌተኛ? ብስክሌት ላይ ማስመሰል ስለማይቻል ነው። ዳገቱን የሚወጣው የራስ ጉልበት ነው፣ በቃ።

መንገዱን የባሌ ልጆች ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን ልግለጸው። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ እግር ማሟሟቂያ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ከጎባ ወዲያ መንገዱ ወደ ደቡብ ይዞርና አቀበቱ ይጀምራል። ጽዱንና ኮሶውን፣ ቀጥሎም አስታውን እያለፈ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ዛፍ የለም። ያለው ጅብራ ነው፣ ሣርና ድንጋይ ነው፣ ኩሬ ነው፣ ፍልፈል የሚያድን ቀይ ቀበሮ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ሆኖ ከጎን ይመለከታል። ከዚያ መንገዱ ድንገት ይገለበጥና በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን፣ ከደኑም ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። በአንድ ቀን ከውርጭ እስከ ቡና ጥላ ማለት ነው። ይህን አምባ በብስክሌት ለማቋረጥ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ። የአየሩ ግፊት እዚያ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ከሁለት ሦስተኛ ያንሳልና ሳንባቸው እንደ ወናፍ ሲነፋ ይሰማል። ማንም አላዘዛቸውም። ገንዘባቸውን ከፍለው ነው የሚደክሙት።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በስፔን፣ በአስቱሪያስ ተራሮች፣ አንግሊሩ የሚባል አቀበት አለ። ርዝመቱ 12.5 ኪሎ ሜትር ነው። ጫፉ 1,573 ሜትር ስለሆነ ከሮቤ ከተማ እንኳ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ነገር ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ቀጥ ማለቱ ከመቶ 23 ያልፋል፤ ማለት፣ 100 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ ከ23 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቩዌልታ የሚባለው የስፔን ዙር ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣበት። ከዚያ በፊት የከብት ግጦሽ ተራራ ነበር። እረኞች ዘመን ከዘመን ሲወጡት ሲወርዱት ማንም አላጨበጨበላቸውም። ብስክሌተኞች አንድ ከሰዓት በኋላ ወጡትና ስሙ ዓለምን አዳረሰ።

ይህን ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ ሳወራለት «ጥጋብ ነው!» ብሎ ዘጋው። ክርክሩ እንዲህ ነው። የሪራ ሰው ጎባ ለመድረስ ሳነቴን ማቋረጥ አለበት፤ ብርዱን ወዶ አይደለም። ከጫካው እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትመጣው እናት ወገቧ የሚጎብጠው ለስፖርት አይደለም። ለእነርሱ ዳገት የኑሮ ቀረጥ ነው። ታዲያ ሌላው ሰው ይህንኑ ቀረጥ እንደ መዝናኛ ሲከፍለው፣ ከዚያም አልፎ «ተሠቃየሁ፣ አሸነፍኩ» ብሎ ሲያወራ፣ ድኻን እንደ መቀለድ አይቆጠርም ወይ? ሆዱ የሞላ ሰው ነው ረኃብን በጾም ስም የሚጎበኘው፣ ይላል ጓደኛዬ።

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ መጣል አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ይዘነጋል። ወዶ መድከም ከውጭ በአውሮፕላን የመጣብን ልማድ አይደለም። በዚሁ በባሌ፣ በዓረፋ ሰሞን፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዘውን ሕዝብ አስቡት። ጫፉ እንደ መንሽ የተከፈለ በትሩን ይዞ፣ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ የሚሄድ ስንት አለ። ለገና ላሊበላ ለመድረስ በባዶ እግሩ ተራራ የሚያቋርጠውም እንዲሁ ነው። መኪና ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ መኪና ቢኖርም የሚራመድ አለ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ድኾች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ በግድ ሲደክሙ የኖሩ ሰዎች፣ ጥቂት ቀን ሲያገኙ ደግሞ ወደው ይደክማሉ። ጥጋብ ነው እንበላቸው? አንልም። እንግዲያው ወዶ መድከም በራሱ ነውር አይደለም። አበው «ወደው የዋጡት ቅልጥም ከብርንዶ ይጥም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ የወደዱትን ዳገት ከግድ ዳገት የሚለየው ምንድን ነው? «አንዱ በፈቃዱ፣ ሌላው በግድ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ያነሣውን የመርከበኛ ምሳሌ እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ማዕበል ሲነሣ መርከበኛው ነፍስ ለማዳን ሲል ጭነቱን ወደ ባሕር ይወረውራል። ማንም እጁን ይዞ አላስወረወረውም፤ ራሱ ነው የወረወረው። ነገር ግን በደህና ቀን ማን ጤነኛ ሰው ንብረቱን ባሕር ውስጥ ይጥላል? እንጨት የምትሸከመውም እናት እንዲሁ ናት። በገመድ የጎተታት የለም፤ ጠዋት የተነሣችው በራሷ ፈቃድ ነው። ግን ማዕበሉ ከኋላዋ አለ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

እኔ የደረስኩበት መለያ ይህ ነው፦ መመለስ መቻል። ብስክሌተኛው በእያንዳንዱ ሜትር ላይ በር ተከፍቶለታል። ቢደክመው ይወርዳል፣ ቢዘንብ መኪና ያስቆማል፣ ቢሰለቸው ነገ ሌላ አገር ይሄዳል። እሷ ግን ግማሽ መንገድ ላይ «ይብቃኝ» ብትል የሚበቃላት ነገር የለም። ስለዚህ የሁለቱ ላብ በሳይንስ ቢመረመር አንድ ዓይነት ጨው ሊሆን ይችላል፤ ዳገቱ ግን አንድ አይደለም። ብስክሌተኛው ዳገቱን ይውጣ፤ ግን «ሥቃይ» የሚለውን ቃል መመለስ ለማይችሉት ይተውላቸው። የእሱ ሌላ ስም ይፈለግለት። ጨዋታ ቢባል ምን ነውር አለው? ጨዋታ ትልቅ ነገር ነው።

«ኧረ ቆይ፣ ብስክሌት እንጀራው የሆነስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትክክል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ በዚህ ስፖርት ባይተዋር አይደለንም። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንዲህ ያለው ባለሙያ በቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሥራው ሌላውን ማገዝ ነው። ሜዳ ላይ ብስክሌተኛን ይበልጥ የሚያደክመው ነፋስ ነው፤ ከሌላው ጀርባ ተጠልሎ የሚጋልብ እስከ ሲሶ የሚሆን ጉልበቱን ሊቆጥብ ይችላል። አጋዡ ነፋሱን በደረቱ እየተቀበለ መሪውን እስከ ተራራው ሥር ያደርሳል። ዳገቱ ሲመጣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መጠለያው ዋጋ ያጣል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ይሸከማል። የመድረኩን ሥዕል የምናየው ከዚህ በኋላ ነው። ጫፍ ላይ ብቻውን የደረሰ የሚመስለው ሰው ግን ብቻውን አልደረሰም። ጉልበቱ ሜዳ ላይ የቀረ ሌላ ሰው አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚዞረው። እኔ የጎሮ ልጅ ነኝ። ከሮቤ ጎሮ፣ ከጎሮ ሶፍ ዑመር መንገዱ እየወረደ ነው የሚሄደው፤ ከተራራው የሚነሣው የወይብ ወንዝም በዚያው አቅጣጫ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ ወደ ላይ፣ ወደ ትምህርት ስወጣ፣ ታላቅ እህቴ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ቤት ቀረች፤ ውሃውም ከብቱም በእሷ ላይ ወደቀ። ነፋሱን በደረቷ የተቀበለችልኝ እሷ ነች። አሁን ፈተና ደረሰ፣ እንቅልፍ አጣን፣ «ተሠቃየን» የምንለው ተማሪዎች፣ ከማን ጀርባ ተጠልለን እዚህ እንደደረስን አስበን እናውቃለን? የእኛ ዳገት በአብዛኛው የወደድነው ዳገት ነው። የማይመለሱት ሰዎች ያሉት ቤት ነው።

ወዶ መድከም ነውር ካልሆነ፣ በራሱ ደግሞ ጽድቅ ካልሆነ፣ በምን ይመዘናል ታዲያ? ለዚህ ፊዚክስ ያግዘናል። ከብስክሌቱ ጋር 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጎባ ሳነቴ ድረስ ወደ 1,300 ሜትር ሲወጣ፣ 1 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል በከፍታ መልክ ያከማቻል። ድካሙ ጠፍቶ አልቀረም ማለት ነው፤ ከፍታ ሆኗል። ሲወርድ ያ ሁሉ ይመለሳል። ወይ በፍሬንና በነፋስ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፣ ወይ ፍጥነት ይሆናል። ፍጥነት ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይመለከታል፦ በጉን የሚነዳውን ልጅ፣ ሸክሟን ይዛ ጥግ የያዘችውን እናት፣ መንገድ የሚሻገረውን ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ በዚያ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ የሞተበት ጊዜ አለ። ዳገት ላይ ብስክሌተኛው ቢበዛ ራሱን ነው የሚጎዳው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ያከማቸው ከፍታ የሌላው ጉዳይ ይሆናል። ዳገቱ የግል ነው፤ ቁልቁለቱ የጋራ ነው።

ስለዚህ ሰው ወዶ የወጣው ዳገት የሚመዘነው በአወጣጡ አይመስለኝም፤ በአወራረዱ ነው። የሼኽ ሁሴን ተጓዥም ቢሆን የሚታየው አገሩ ሲገባ ነው። ከጎረቤቱ ከታረቀ መንገዱ መንገድ ሆነ፤ ካልታረቀ ጫማ ጨረሰ። ብስክሌተኛውም ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ መነሣቱን አልነፍገውም። ሲወርድ ግን ፍሬኑን ይያዝ፣ ሰላምታ ይስጥ፣ አምባውን «ባዶ አገር» ብሎ አያውራ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከእንግዲህ እንግዳው ይበዛል ማለት ነው። መምጣቱ ጥሩ ነው። የአንግሊሩ ታሪክ እንዳይደገም ግን፣ ሳነቴ ሲጠራ መጀመሪያ የወጡት ሰዎችና ከብቶቻቸው አብረው ይጠሩ።

ለእኛስ? እኛም በየዓመቱ ከፍታ እያከማቸን ነው። ዲግሪው ያ ከፍታ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ቀን ይለቀቃል፤ ወይ ሰው የሚገጭ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ እንደ ወይብ ውሃ ከታች ላሉት ይደርሳል። ጓደኛዬ ይህን አንብቦ «አሁንም ጥጋብ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን ከእርሱም፣ ከእናንተም የምፈልገው መልስ ሌላ ነው፦ ስንት ዳገት እንደወጣችሁ ሳይሆን፣ ከአሁኑ ከፍታችሁ ላይ ስትወርዱ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ አይታችኋል ወይ?