ከምንጭዋ የራቀች አበባ

አንድን ሕይወት ከበቀለበት አፈር ነቅሎ በባዕድ ምድር ማኖር ማዳን ነውን? ወይስ ሞቱን ማዘግየት? ጥያቄው ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። እኔ ግን ከሰው ይልቅ በአንዲት አበባ ልመረምረው መርጫለሁ፤ አበባ ስለ ራስዋ አትዋሽምና።

በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ማሹዛ በተባለ ስፍራ፣ ፍል ውኃ ይመነጫል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ኤበርሃርድ ፊሸር፣ ውኃው ፈስሶ ወደ 25 ዲግሪ በበረደበት ጭቃ ላይ፣ ከውኃ አበቦች ሁሉ ትንሿን አገኘ። ቅጠሏ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲሜትር አይበልጥም። የሌላ አበባ ቡቃያ መስላው ያለፋት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ለይቶ ስም ማውጣት የማዳን መጀመሪያ ነው፤ ስም የሌለው ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም።

በ2008 ገደማ የምንጩ ውኃ ለሌላ ተግባር ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጭቃው ደረቀ፤ አበባይቱም ከስፍራዋ ታጣች። የአካባቢውን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም። በማሳና በጥፍር በምታህል ቅጠል መካከል መምረጥ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው።

ዘሯ በጀርመን፣ በቦን የዕፀዋት መናፈሻ ተጠብቆ ነበር። ከዚያ ወደ ለንደኑ ኪው መናፈሻ የተላከውን ካርሎስ ማግዳሌና እንደ ሌሎቹ የውኃ አበቦች ከውኃ በታች ቢያበቅለው ቡቃያው ይመነምን ጀመር። በኋላ ግን ይህች አበባ የምትሻው ጥልቅ ውኃ ሳይሆን አየር የሚነካት ሞቃት ጭቃ መሆኑን ተረዳ፤ በ2009ም አበበች። የማሹዛን ጭቃ መስሎ እስኪሠራላት ድረስ አሻፈረኝ ብላ ነበር ማለት ነው! (በ2014 ከዚያው ከኪው አንዷ ተሰረቀች፤ ብርቅነት ሌባም ይጠራል።)

በ2023 ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያው ሩዋንዳ ውስጥ በቅላ አገኟት። «ታዲያ የለንደኑ ድካም ከንቱ ነበር» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ጠፍታለች ተብሎ ሲታመን ዘሯን የያዘ ሰው፣ የሚመለስ ይኑር አይኑር ሳያውቅ አደራ ጠብቋል። አደራነቱ ግን ባለቤት አያደርገውም። በመስታወት ቤት ያለችው ከነሥሯ ሙሉ ብትሆንም ምንጩ፣ ጭቃውና በዙሪያው የሚኖረው ፍጥረት ከእርስዋ ጋር አልተሻገሩም። እነዚህን የሚያኖራቸው የውኃው አከፋፈል ነው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው ቃል ሊሆን የሚገባው የቦን ወይም የለንደን ሳይሆን፣ ከፍል ውኃው አጠገብ የሚያርሰው ሰው ነው።