«አላየሁም» ሌላ፣ «የለም» ሌላ

ቀሐ ያለውን የአፄ ፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት ብቻ እየመጣ የሚያይ ሰው፣ ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሞላበት ነው ብሎ ቢምል አልዋሸም። ዓይኑም ደህና ነው። ጉዱ ያለው የመጣበት ቀን ላይ ነው።

ይሄ የሚታወሰኝ ስለ አንድ ዓይነት ከዋክብት ሳነብ ነው። አንቶኒ ፕሪዚቢልስኪ በፈረንጆቹ 1961 አውስትራሊያ ሆኖ አንድ እንግዳ ኮከብ ለይቶ አሳወቀ፤ ብርሃኑ ሲተነተን በሌሎች ከዋክብት ላይ ብዙም የማይታዩ ንጥረ ነገሮች በብዛት ይታዩበታል። በ1978 ደግሞ ዶናልድ ከርትዝ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ያንኑ ኮከብ ሲከታተል፣ ብርሃኑ በየ12 ደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ሲል አገኘው። እንደ ልብ ይመታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኬሚስትሪያቸው ለየት ያለ፣ መግነጢሳዊ ኃይላቸው የበረታ ብዙ ከዋክብት ተፈተሹ። ምት ያልተገኘባቸው «የማይመቱ» ተባሉ። ቆይቶ ብርሃናቸው በሌላ መሣሪያ ሲተነተን ከእነዚህ አንዳንዶቹም ይመቱ ነበር!

ስሙ ነው የሚከነክነኝ። «ያልታየ» ለማለት «የሌለ» ተባለ።

እንደ ፕሮግራመር ሳየው ነገሩ የናሙና ጉዳይ ነው። በየ12 ደቂቃው የሚመታን ነገር በየ30 ደቂቃው ብቻ ካየኸው፣ የምታገኘው ምት በየ60 ደቂቃው ገደማ የሚመጣ ይመስልሃል። ያንን ምት አንተ ፈጠርከው እንጂ ኮከቡ አያውቀውም። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አብዛኞቹን ከዋክብት የመዘገበው በየ30 ደቂቃው ገደማ ነበር። በ2018 የመጠቀው ቴስ ለተመረጡ ከዋክብት በየ2 ደቂቃው ይመዘግባል፤ ዳታውም በነፃ ስለሚለቀቅ ጎንደር ሆኖ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ሰው አውርዶ ሊፈትሸው ይችላል። እሱም ቢሆን ድንበር አለው። ቴስ የሚያየው ወደ ቀይ ያደላውን ብርሃን ነው፤ የእነዚህ ከዋክብት ምት ግን ጎልቶ የሚታየው በሰማያዊው ነው።

«ታዲያ እስከ መቼ እንፈልግ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የቴሌስኮፕ ሰዓት ውድ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ በቃ ማለት የግድ ነው። በቃ ማለቱን አልቃወምም። ጥሩ ተመራማሪ ግን በቃ ሲል አብሮ ይጽፋል፦ ይህን ያህል ቀን፣ በየዚህን ያህል ደቂቃ አይቻለሁ፤ ከዚህ መጠን በላይ የሆነ ምት አላገኘሁም። «የለም» ብሎ ከመዝጋት ይህ ይረዝማል፣ ለአርዕስትም አይመችም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ግን የት መፈለግ እንደቀረው ያውቃል።

ለኮከብ «የለህም» ቢሉት ምንም አይጎዳም። በየካቲት በመኪና ወደ ደጋው ወጥቶ «መንገዱ ደህና ነው፣ ችግር የለም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ግን፣ ሐምሌ ላይ ጭቃውን በቃሬዛ የምትሻገረውን ወላድ ከወረቀቱ ላይ አጥፍቷታል። ያየው በየካቲት መሆኑን እዚያው መስመር ላይ ቢጽፍ ሁለት ቃል ነው የሚጨምረው።