በኋላ የመጣው እንግዳ

አስቀድሞ የደረሰ ሰው ስፍራው የእርሱ ነው የሚለው አሳብ በልባችን ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፥ ማስረጃ አምጡ ብሎ የሚጠይቀን የለም። በወፍጮ ቤትም ሆነ በአውቶቡስ መናኸሪያ የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው። ነገር ግን በዓለም ሰሜናዊ ዳርቻ ሰዎች ይህን ሕግ ገልብጠው የሚያድሩበት አንድ ዓይነት ቤት አለ። አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ቤት ከእኔ ጋር ጥቂት እንድታስብ እለምንሃለሁ።

ቤቱ የሚገኘው በፊንላንድ አገር፥ ላፕላንድ በሚባለው በሰሜኑ ምድር ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ 12 ሰፋፊ ምድረ በዳዎች ተከልለዋል። ምድረ በዳ ማለቴ አሸዋና ሐሩር ያለበትን አይደለም፤ ደንና ረግረግ፥ ሐይቅና ራቁቱን የቆመ ኮረብታ ሆኖ መንገድና መንደር የሌለበትን ነው። ከእነዚህ ሌላ ታላላቅ ብሔራዊ ፓርኮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውና በቀድሞው ፕሬዚዳንት በኡርሆ ኬኮነን ስም የሚጠራው ፓርክ ብቻውን 2,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በአገሩ ጫፍ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ ከቶ አትወጣም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1999 ፖካ በምትባል የላፕላንድ መንደር ብርዱ ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ደርሶ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ምድር መንገደኛ መጠለያ ቢያጣ የሚያጣው ምቾቱን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ምድረ በዳ ውስጥ፥ አንዱ ከሌላው የብዙ ሰዓት መንገድ ርቀው፥ ከግንድ የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ቆመዋል። በአገሩ ቋንቋ «አውቲዮቱፓ» ይባላሉ፤ ነዋሪ የሌለው ቤት ማለት ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ቀድሞ የአጋዘን እረኞች ወይም የድንበር ጠባቂዎች ማደሪያ ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኛዎቹን የሚጠብቃቸው ሜትሳሃሊቱስ የሚባለው የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ነው። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ኪራይ አይከፈልበትም፤ ስፍራ ያዙልኝ ብሎ አስቀድሞ መላክም አይቻልም። በውስጡ ሰዎች ተደርድረው የሚተኙበት የሳንቃ መደብ፥ ምድጃ፥ ገበታና አግዳሚ ወንበር አለ። በውጭ የማገዶ ቤት፥ መጋዝና መጥረቢያ፥ ራቅ ብሎም መጸዳጃ አለ። መንገደኛ አንድ ሌሊት፥ ቢበዛ ሁለት ሌሊት ያድርበታል።

የቤቱ ዋና ሕግ ግን ይህ ነው፤ ከሁሉ በኋላ የደረሰው ሰው ከሁሉ የበለጠ መብት አለው። ቤቱ ሲሞላ፥ ቀድሞ ገብቶ ያረፈው ዕቃውን ሰብስቦ ለመጪው ስፍራ ይለቃል፤ መንገዱን ይቀጥላል፥ ወይም በውጭ ድንኳን ይተክላል።

በእኛ ደጋ አገር ለመሸበት መንገደኛ ደጅ መክፈት የታወቀ ነው፤ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ የቆመውን ሰው መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ይህ የፊንላንዳውያን ልማድ ከእኛው የእንግዳ አቀባበል ጋር አንድ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን በአንድ ነገር እጅግ የተለየ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ የቤቱ ባለቤት አለ፤ የራሱን መኝታ ለቆ ለእንግዳው ሲሰጥ ቸር ይባላል፥ ምስጋናም ያገኛል። በዚያ ቤት ግን ባለቤት የለም። ቀድሞ የገባውም እንግዳ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት እርሱም በዚያው ደጅ ላይ በረዶውን ከእግሩ ያራገፈ ሰው ነው። ስለዚህ ስፍራውን ሲለቅ ከራሱ ገንዘብ የሰጠው የለም። ቤቱ ሊሰጠው የቆመለትን ነገር፥ ሙቀትንና ዕረፍትን፥ ተቀብሎ ጨርሷል። ይህን ሥራውን ቸርነት ብለን ብንጠራው ከሚገባው በላይ አመሰገንነው ማለት ነው፤ የሚገባው ስሙ ፍትሕ ነው።

«ዘግይቶ የመጣው ሰነፍ ቢሆንስ?» ይባል ይሆናል። ማለዳ ተነሥቶ የተጓዘው ትጉህ፥ እስከ ቀትር ተኝቶ ለዋለው ስፍራ ይልቀቅን? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መብቱ የሚለካው በድካሙና በብርዱ እንጂ በጠባዩ አይደለም። እጁ የደነዘዘውን ሰው በደጅ አቁሞ ለምን ዘገየህ ብሎ መመርመር፥ ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ፥ ሰዓቱ አይደለም። ደግሞም የኋለኛው መብት እንደ ርስት የሚኖር አይደለም፤ እርሱ በምድጃው አጠገብ እየሞቀ በሄደ መጠን መብቱም እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሩ እንደ ገና ቢከፈት ተራው የእርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የድንኳኑ ነገር ነው። ወደዚያ ምድረ በዳ የሚሄድ ሰው፥ ቤት አገኛለሁ ብሎ ቢያስብም እንኳ፥ ድንኳን እንዲይዝ ይመከራል። ድንኳን ሸክም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ያደክማል፤ ብዙ ጊዜም ሳይፈታ ይመለሳል። ነገር ግን ድንኳን ያልያዘ ሰው፥ ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፥ በሌሊት ስፍራውን ሊለቅ አይችልም፤ ቢለቅ ራሱ ይሞታልና። እንግዲህ በዚያ ሌሊት የሚፈጸመው ፍትሕ የተወሰነው በዚያ ሌሊት አይደለም፤ ከብዙ ቀን በፊት፥ በሞቀ ቤት፥ ስንቅ ሲታሰር ነው። ብዙዎቻችን በጎ ፈቃድ ኖሮን በጎ ሥራ የሚያንሰን ስለዚህ ይመስለኛል፤ የምንለቅበት ነገር ሳንይዝ እንወጣለን።

ስለ ማገዶውም አንድ ነገር ልናገር። ከቤቱ የሚወጣ ሰው መደቡን ጠርጎ፥ ጥራጊውን ተሸክሞ፥ ፍልጥና ጭራሮ ከምድጃው አጠገብ አኑሮ ይሄዳል። በብርድ የደነዘዘ እጅ መጥረቢያ ሊይዝ አይችልምና፥ ይህች ጥቂት ጭራሮ አንዳንድ ጊዜ ከቤቱ ሁሉ ትበልጣለች። ያኖረው ሰው ማን እንደሚያነድዳት አያውቅም፤ ያነደዳትም ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም። ብድሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ለሰጠን ሳይሆን ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ይከፈላል። እርግጥ ሁሉ ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ማገዶውንም ወደ ምድረ በዳው የሚያደርሰው በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ነው፥ ወጪውም የሕዝብ ግብር ነው። ልማዱ በሰዎች መልካም ጠባይ ብቻ የቆመ አድርጎ መናገር እውነት አይሆንም።

በዚያው አገር ሌላ ዓይነት ቤትም አለ፤ ቁልፍ ያለው፥ አስቀድሞ ተከፍሎ የሚያዝ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው እንዲህ ያለው እርግጠኝነት ያስፈልገዋል፤ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። በአንዳንድ ስፍራ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ በግንድ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው አንዱ ክፍል ክፍት፥ ሌላው ዝግ ነው። ክፍቱ ክፍል በሞላበት፥ ነፋስም በበረታበት ሌሊት፥ ቁልፍ የያዘው ሰው በሩ ቢንኳኳ ምን ያደርጋል? የኋለኛው እንግዳ ሕግ እርሱን አይመለከተውም፤ ከፍሎ የያዘው ስፍራ ነው፤ ቢተኛ ማንም አይከሰውም። እኔ ግን ተነሥቶ ሊከፍትለት ይገባዋል እላለሁ። የከፈለው ለመኝታው ነው፤ በደጁ ላይ ለቆመው ብርድ ግን ማንም የከፈለ የለም።