መልእክትን ያስተላለፈ ሰው በመልእክቱ ይጠየቃልን?

በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገርበት ሥርዐት አለው። ነጋሪዎቹ ከዘመድና ከጎረቤት የተመረጡ፥ ነገር የሚያውቁ ሽማግሎች ናቸው፤ አስቀድመው የሟቹን መሞት ያረጋግጣሉ፤ ገና ሳይነጋ ማልደው ይሄዳሉ፤ የሚረዳውም ሰው ብቻውን ሳለ ወይም በመንገድ ላይ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። በውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችንም ይህን ልማድ እስከ ዛሬ ያልተዉ ብዙዎች ናቸው፤ ኀዘንተኛው ከሥራ የሚመለስበትን ሰዓት ጠብቀው፥ ካህን ጨምረው፥ በሩን ያንኳኳሉ።

እኛ ግን ይህን ሁሉ እያወቅን ተሳስተናል። አንድ ቀን ማታ ቅኔ ያስተማሩን መሪጌታ ዐረፉ የሚል ጽሑፍ በእጅ ስልካችን ደረሰን። የላከልን ሰው የታመነ ነበርና ምንም ሳንጠይቅ ለ11 ሰዎች አስተላለፍነው። ያረፉት ግን በስም የሚመስሏቸው ሌላ አባት ነበሩ። ከ11ዱ አንዱ የመሪጌታ ልጅ በምትኖርበት የባዕድ ከተማ የሚያገለግል ዲያቆን ነበርና፥ የነገሩን ካህኑ እገሌ ናቸው የሚል ቃል ጨምሮ ለወዳጆቹ ላከው፤ በዚሁ መንገድ ለእርሷም ደረሳት። በሥራ ቦታዋ ቆማ ሳለች ብቻዋን አነበበችው። ይቅርታ ልንጠይቃት በደወልን ጊዜ፦ «አባታችን፥ ከእርስዎ መጣ ስለ ተባለ እኮ ነው ያመንኩት» አለችን።

ቃሉን እኛ አልፈጠርነውም፤ በእጃችን አለፈ እንጂ። ያለፈበት እጅ ይጠየቃልን? ይህን ለመመርመር መሣሪያው ከመነሻው እንዴት ተደርጎ እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኢንተርኔት የሚባለው የመገናኛ መረብ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር መከላከያ መሥሪያ ቤት ሥር አርፓ የሚባል የምርምር ድርጅት ነበር። በ1966 ከሹማምንቱ አንዱ የነበረው ሮበርት ቴይለር በቢሮው ሦስት መጻፊያ መሣሪያዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱም በሩቅ ካለ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚነጋገር ነበር። በአንዱ መሣሪያ ሁሉን ማነጋገር ስለ ምን አይቻልም ብሎ ማሰቡ ለሥራው ምክንያት ሆነ። መረቡ የተሠራው ለአቶሚክ ጦርነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት የመጣው ፖል ባራን የተባለ ሊቅ በጠላት ጥቃት የማይቋረጥ መገናኛን አጥንቶ በ1964 ያወጣውን ሐሳብ ከአርፓ ሥራ ጋር አንድ በማድረግ ነው፤ የአርፓ ዓላማ ግን ዋጋቸው እጅግ ውድ የነበሩትን ኮምፒውተሮች በየቦታው ያሉ ተመራማሪዎች እንዲካፈሏቸው ነበር። ስለ መረቡ መነሻ የሚነገረው የተሳሳተ ወሬም ሳይቀር ዛሬ በመረቡ ይመላለሳል።

በ1969 ኦክቶበር 29 ቀን፥ በእኛ ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፥ ከምሽቱ በ4 ሰዓት ተኩል፥ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለው ኮምፒውተር አምስት ፊደል ያለውን የመግቢያ ቃል መላክ ጀመረ። ሁለቱ ፊደላት እንደ ደረሱ ኮምፒውተሩ ቆመ፤ ሙሉው ቃል የደረሰው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ከሆነው ሁሉ እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ክላይን በዚያ ወገን ከነበረው ከቢል ዱቫል ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር፤ ፊደሉን በላከ ቍጥር ደረሰህን ብሎ ይጠይቃል፤ ያም ደረሰኝ ብሎ ይመልሳል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች መሣሪያውን ብቻውን አላመኑትም ነበር።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ መልእክት በብዙ ይቈራረጣል፤ እያንዳንዱ ቍራጭ አድራሻና ተራ ቍጥር እንደ ተጻፈበት ፖስታ ሆኖ በየፊናው ይጓዛል፤ ከደረሰ በኋላ በቍጥሩ ይገጣጠማል። በመካከል ያሉት ማሽኖች የሚያነቡት አድራሻውን ነው። ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ያወጡት፥ ከ1983 ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮም መረቡ የተዳደረበት ደንብ በዚሁ ሐሳብ የጸና ነው። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገብቶ ለእያንዳንዱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ «ሀ» 4608 ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ቍጥሩን ነው፤ «ሞተ» እና «ዳነ» ለእርሱ የቍጥር ልዩነት ናቸው።

ሠሪዎቹ ይህን በማድረጋቸው አጠፉ አንልም። መንገዱ ራሱ ዳኛ ቢሆን ኖሮ የዳኛው ዳኛ ማን ይሆን ነበር? እርግጥ ነው፥ ዛሬ በመረቡ ላይ የተሠሩት ታላላቅ ኩባንያዎች የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ እንዲታይ ይመርጣሉ፤ መንግሥታትም የሚዘጉት አለ። የመረቡ መሠረት ግን ፍርዱን ከመካከሉ አንሥቶ በሁለቱ ጫፍ ላሉት ሰዎች የተወ ነው። በመካከል ፍርድ የለም ማለት ፍርድ የለም ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ «እኔ የመጣልኝን አሳለፍኩ እንጂ አልተናገርኩም፤ ተጠያቂው የጀመረው ነው» የሚል ነው። እኛም በመጀመሪያው ቀን ራሳችንን ያጽናናነው በዚሁ ነበር። ነገር ግን ቁም ጸሓፊውን እናስብ። መጽሐፉን እርሱ አልደረሰውም፤ ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ወራት ፈጅቶ ገለበጠው እንጂ። ሆኖም በመጨረሻው ስሙን ይጽፋል፤ ስለ ሳተው ይቅርታ፥ ስለ ደከመው ጸሎት ይለምናል። ለምን? የገለበጠው ሁሉ በእጁ እንዳለፈ ያውቃልና። መጽሐፉን ተሸክማ ወደ ገዳሙ የወሰደችውን በቅሎ ግን ማንም አይጠይቃትም። እንግዲህ መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ራሱን ከማን ይቈጥራል? ድካሙን ብናይ ከበቅሎዋ ያነሰ ነው፤ ፈቃዱን ብናይ ግን ከጸሓፊው ጋር ነው፤ ማስተላለፍም መተውም በእጁ ነበርና። አንድም፥ ጸሓፊው እጁ ዘገምተኛ ስለ ነበረ የሚጽፈውን ለማሰብ ጊዜ ነበረው፤ የዛሬው ግን ሳያነብ ይገለብጣል።

በ2018 በሕንድ አገር ሕፃናትን የሚሰርቁ ሰዎች መጥተዋል የሚል ወሬ በዋትሳፕ ተዛመተ፤ በልዩ ልዩ ስፍራም ምንም ያላደረጉ መንገደኞች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ወሬውን ካስተላለፉት ብዙዎቹ ዱላ ያልጨበጡ፥ ለልጆቻቸው የፈሩ ወላጆች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። ኩባንያው በ2019 መጀመሪያ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ወደ ሆኑ ሰዎች ወይም ማኅበሮች እንዳይተላለፍ በዓለም ሁሉ ወሰነ። ሰው ለራሱ ሊያበጅ የሚገባውን አጥር ነጋዴ አበጀለት።

በቅን ልቡና ተሳስቼ ነው የሚል ሰው ይቅርታ የሚገባው መሆኑን አንክድም፤ በድፍረት የተሠራና ባለማወቅ የተሠራ አንድ አይደሉም። ሆኖም አለማወቅም ሁለት ዐይነት ነው፤ ሊታወቅ የማይቻል አለ፤ ቢጠይቁ የሚታወቅ ደግሞ አለ። የመሪጌታ የቤታቸው ስልክ ቍጥር በእኛ ዘንድ ነበር። ያን ማታ ብንደውል ኖሮ ራሳቸው ያነሡት ነበር።

ስሕተቱ እንደ ታወቀ ለ11ዱም ደወልን። ሰባቱን አግኝተን አስተባበልን፤ ከእነርሱም ሦስቱ አስቀድመው ለሌላ አሳልፈውት ነበር። አራቱን በዚያ ቀን አላገኘናቸውም። መሪጌታ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ሳቁ፤ የልጃቸውን በሰሙ ጊዜ ግን ዝም ብለው ቆዩና፥ ቍጥሯን ደውለን በእጃቸው እንድንሰጣቸው ለመኑን።