ቦታ የለም ስንል



አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ሰው ያለ አንዳች ጉዳይ፣ ለመደሰት ብቻ፣ አገር ሊያይ ቢወጣ ኃጢአት ይሆንበታልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ወር ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ንፋስ መውጫ መጥቼ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ የአጎቱን ሞተር ሳይክል ተውሶ መጣና «ዛሬ እስከ ጨጨሆ ደርሰን እንመለስ» አለኝ። የምንሸጠውም የምንገዛውም ነገር አልነበረንም፤ የምንጠይቀው ዘመድም የለም። ወራቱ ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ እናቱ ቅቅል ድንችና በሶ ቋጠሩልን፤ ጋቢያችንን ተከናንበን ወጣን። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለምና ነፋሱ ፊታችንን ይገርፈን ነበር።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወልድያ የሚደርሰው ይህ ጎዳና በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወደ ጨጨሆ ሲቀርብ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። በሰሜን በኩል የወደቀው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ በኩል የወደቀው ደግሞ ወደ በሽሎ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ቀስ ብለን ስለምንነዳ ሁሉን እናይ ነበር። በየአውድማው በሬዎች እየዞሩ ገብስ ያበራያሉ፤ እረኞች እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ እኛም ደስ ባለን ቦታ እየቆምን ገደሉን ቁልቁል እንመለከታለን።

ይህ ጎዳና ግን ሁልጊዜ የደስታ ጎዳና አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ ደጋ በኩል ነው። መንገድ ስላልነበረ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ ገደል እያስናዱ ሄዱ፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። በእኛ ዘመንም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ መንገድ መጥቶ የንፋስ መውጫ ሕዝብ ብዙ መከራ ተቀብሏል። እኛ ለሽርሽር የምንሄድበት መንገድ ሌላው የለፋበትና ያለቀሰበት መሆኑን ጠዋት ስንወጣ አላሰብነውም።

ጨጨሆ ደርሰን ምሳችንን በላን፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ረዥም ጊዜ ተቀመጥን። ስንመለስ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሕፃን ያዘሉ አንዲት አሮጊት እናት በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አገኘን። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ዞሩና እጃቸውን አነሡ። ጓደኛዬ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ «እማማ፣ ሁለት ነን፤ ቦታ የለም!» አላቸው። እኔም ከኋላ ተቀምጬ «እውነቱን ነው» አልሁ በልቤ። አለፍናቸው።

ጥቂት እንደ ሄድን ጉና ተራራ በስተምዕራብ ከፀሐይ በታች ቁልጭ ብሎ ታየን። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ በዚያ ሰዓት ሲታይ እጅግ ያምራል። «ይህን ሳናይማ አናልፍም» ብለን ሞተሩን አቁመን ከድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የተረፈንን በሶ በጥብጠን ጠጣን፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ወደፊት ኑሯችን ተጫወትን። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

በዚህ መካከል ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። እኒያ እናት ነበሩ። በኮንጎ ጫማ፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሕፃኑን እንዳዘሉ ደረሱብን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። እርሳቸው ግን «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ምነው፣ ተበላሸባችሁ እንዴ?» አሉን። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው የቆምነው ብለው አዝነውልናል! ሁለታችንም የምንመልሰው አጣን። ሕፃኑ የልጃቸው ልጅ ነው፤ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ወደ ከተማ ሊያሳክሙት ነው።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ የእኔ ጥያቄ የተለወጠው በዚህች ደቂቃ ነው። «ሁለት ነን፤ ቦታ የለም» ያልነው ውሸት ነበርን? በቍጥር ካየነው እውነት ነው። ሞተር ሳይክል የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ሦስተኛ መጫን አደጋ አለው። ነገር ግን ቦታውን ስንቈጥር እኔ የተቀመጥሁበትን አልቈጠርነውም። እኔ ብወርድ ቦታ ነበረ። የሚያስቸኵለኝ ነገር አልነበረኝም፤ ጤነኛ ነኝ፤ እግሬም አልታመመም። ለተራራ ግማሽ ሰዓት የነበረን ሰዎች ለታመመ ሕፃን አንዲት ደቂቃ ቆመን እንኳ አላሰብንም።

የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተምረነዋል! ዘይቱን፣ ወይኑን፣ የከፈለውን ሁለት ዲናር እናስታውሳለን። አንድ ነገር ግን ልብ አላልሁም ነበር። የቈሰለውን ሰው በራሱ አህያ ላይ ካስቀመጠው፣ እርሱ ያን መንገድ የሄደው በእግሩ ነው ማለት ነው። ትርፍ አህያ አልነበረውም፤ የሰጠው የራሱን ቦታ ነው።

አባቶቻችንም ይህን በሌላ መልክ ያውቁታል። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ትልቅ ሰው ሲያገኝም ወርዶ እጅ ይነሣል። ወርዶ የሰጠ፣ ወርዶ ሰላም ያለ ሰው ክብሩ ቀነሰ አልተባለም። ንጉሡስ ለመድፍ ዝቅ ብለው ድንጋይ ካነሡ፣ እኛ ለአንዲት እናት መውረድ እንዴት ከበደን?

አንድ ሰው «እንዲህ ከሆነማ መንገደኛው ብዙ ነው፤ ለሁሉ ስንወርድ ልንውል ነውን? ዕረፍት የሚባልስ የለም?» ይለኝ ይሆናል። ጓደኛዬም ማታ ይህንኑ ብሎኛል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። በእርግጥ ለሁሉ ልንወርድ አንችልም፤ ዕረፍትም ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ሰንበትን ሰጥቶናልና። ነገር ግን የሰንበት ሕግ ሲሰጥ ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ አገልጋዩም፣ መጻተኛው፣ በሬውና አህያው ሳይቀሩ እንዲያርፉ ታዟል። እንግዲህ ዕረፍት የሚበላሸው ለራስ ብቻ ሲሆን ነው። አገር ማየት አይከፋም፤ የሚከፋው የምናየው አገር ሰው የሌለበት ሥዕል ሲመስለን ነው። ዕረፍታችንን ልናቋርጠው የማንችል ከሆነ እኛ አርፈን ሳይሆን ለዕረፍታችን ባሪያ ሆነን ነው። ስለዚህ «ሁልጊዜ ቦታህን ስጥ» አልልም፤ «የለም ከማለትህ በፊት የራስህን ቦታ አስቀድመህ ቍጠር» ነው የምለው። ቈጥረህ ባትሰጥ እንኳ ቢያንስ አትዋሽም።

ያን ዕለት እናቲቱ መጀመሪያ እንቢ አሉ። «እኔስ ደርሻለሁ፤ ተው ልጄ፣ አንተ ትደክማለህ» አሉኝ። ለምነን አስቀመጥናቸው። ጓደኛዬ ቀስ እያለ ይዟቸው ሄደ፤ ወደ ሕክምናም አደረሳቸው። ሕፃኑ መድኃኒት ተሰጥቶት ከአያቱ ጋር ማደሪያ እንዳገኙ በማግሥቱ ነገረኝ። እኔም በብርድ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሬ ተጓዝሁ። ጠዋት በሞተር ያለፍሁት ዳገት እንዴት እንደሚረዝም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ጠዋት ግን አንድም ሰው ሰላም አላልሁም ነበር።

የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በዚሁ በጋይንት ምድር ናት። የልደት በዓል በየዓመቱ ሲመጣ በጥንቷ ቤተ ልሔም ለእመቤታችን ማደሪያ አለመገኘቱን እንሰማለን፤ በእንግዶች ማደሪያ ሰዎችም እናዝናለን። እነርሱም ቢሆኑ ዋሽተው ላይሆን ይችላል፤ ቤቱ በእርግጥ ሞልቶ ይሆናል። ከመካከላቸው ግን «እኔ ልውጣ» ያለ አልተገኘም። እኛስ በየመንገዱ፣ በየመኪናው፣ በየቤታችን «ቦታ የለም» ስንል የራሳችንን ቦታ ቈጥረን ነውን?