አያት ትጠብቅ

ልጆቼ፣ ምክሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ልጄ አሜሪካ ወልዳ ገና ሳምንት ሳይሞላት ስልክ ላይ ተጥጄ «መቼ ነው የምታመጡልኝ?» እያልኩ መውጫ መግቢያ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። የእኔ አልበቃ ብሎ አክስቶቿንም አስደወልኩባት። የልጅ ልጄ ወንድ ነውና በ40 ቀኑ እዚሁ፣ እናቱ በተነሳችበት ደብር ክርስትና ይነሳ ብዬ ቆረጥኩ። እሷም ጨንቋት ሐኪሙን ብትጠይቀው «አይሆንም» አላት። የማላውቀውን ሰውዬ ተቀየምኩት። ክርስትናው እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እኔም ቪዛው ሲወጣልኝ ሄጄ አየሁት፤ ልጁ ሦስተኛ ወሩን ሲጨርስ አብረን መጣን። ዛሬ የምመክራችሁ ከሐኪሙ ጎን ቆሜ ነው።

ስንት ቀን ሲሆነው ነው የሚበረው? ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ የሚሉት፣ ባወጣው የሕክምና መመሪያ ጤነኛ ጨቅላ ከተወለደ ከ48 ሰዓት በኋላ መብረር እንደሚችል፣ ነገር ግን 7 ቀን ቢሞላው እንደሚመረጥ ይናገራል። አየር መንገዶችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ብቻ ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ልጁ መሳፈር መቻሉን እንጂ መሄድ እንዳለበት አይደለም። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው የሚሮጠው። እኛን በጉንፋን የሚያልፈን ነገር እሱን ሊጥለው ይችላል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ አትላንቲክ መሐል ደም የሚመረምር የለም። አሜሪካ ሁለት ወር ሲሞላው፣ እዚህ ደግሞ በ6 ሳምንቱ የሚሰጠውን ክትባት ወስዶ ቢነሳ የእናትም ልብ ያርፋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ለበረራ ዕድሜው የሚቆጠረው ሊወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። አራሷም ብትሆን እስከ 6 ሳምንት ድረስ እግሯ ላይ ደም የመርጋት ስጋት አለባትና፣ በተለይ በቀዶ ሕክምና ከወለደች፣ ሐኪሟን ታማክር፤ በጉዞው ላይም ውሃ ትጠጣ፣ እየተነሳች ትራመድ።

ከዐረብ አገር ጨቅላዋን ታቅፋ ለመመለስ የምትገደድ እህት እንዳለች አውቃለሁ። እሷን «እንደ እኛ ሦስት ወር ጠብቂ» ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ለእሷ የምለው አንድ ነው፦ ከመሳፈርሽ በፊት አንድ ሐኪም ልጁን ይየው።

አሁን ስለ ከፍታው ልንገራችሁ፤ ይህን ስሰማ እኔም ገርሞኛል። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሳለ ውስጡ ያለው አየር እንደ ባሕር ዳርቻ አየር አይደለም። ብዙዎቹ የውስጣቸውን አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ቦታ ያህል ያሳሱታል። 2,400 ሜትር ማለት እኮ ሰፈራችን ነው! የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ላይ ነው ያለው። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ብዙም አያልፉም፤ በእነሱ የመጣ ሰው ቦሌ ሲያርፍ ዳገት እንደወጣ ቁጠሩት። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል። ልቡ ወይም ሳንባው ላይ ችግር ያለበት ልጅ ግን ወላጆቹ ስለ በረራው ብቻ ጠይቀው መነሳት የለባቸውም። በረራው 13 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ግን እስኪመለስ ድረስ ያው ከፍታዋ ላይ ናት። ሐኪሙን «የምንሄድበት አገር ከፍታው ይህን ያህል ነው» በሉት፤ ካልነገራችሁት ላያውቅ ይችላል።

ጆሮን የሚያሳምመውም ይኸው የከፍታ ለውጥ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው የሕፃኑ ቱቦ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ አይከፈትም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ብዙም የማያስቸግረው ልጅ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቴል አቪቭ ሲመለስ ሊያለቅስ ይችላል፤ እነዚያ ከተሞች ቆላ ናቸውና። እኔ ስሄድ ከአጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ልጇን ገና ብዙ ሲቀረን አጥብታ አስተኛችው። መውረድ ስንጀምር አስተናጋጇ «ብትቀሰቅሺው ይሻላል» ብትላት «ስንት ደክሜ ያስተኛሁትን!» አለች። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ቲማቲም መስሎ በጩኸት ተነሳ፤ ጡቱን ብትሰጠው ጠግቧልና አሻፈረኝ አለ። እኔም በልቤ ፈረድኩባት፤ አያት መሆን ዳኛ ያደርጋል። እናንተ ግን ጡቱን ወይም ጡጦውን ለዚያች ሰዓት ቆጥቡለት። ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀር ቀስቅሳችሁ አጥቡት፤ መዋጡ ነው ቱቦውን የሚከፍተው። እንዲተኛ ብላችሁ የጉንፋን ሽሮፕ እንዳትሰጡት፤ ለሕፃን ትንፋሽ አደገኛ ነው። እኛም አሮጊቶች ጉሮሮው እንዲርስ ብለን ውሃና ቅቤ ብናመጣ እጃችንን መልሱት።

ስለ እቅፍ የምለው ይመርራል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ የአዋቂ ዋጋ 10 በመቶ ያህል ተከፍሎለት ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ነገር ግን አውሮፕላን ድንገት ሲንገራገጭ ወይም በጭንቅ ሲያርፍ ልጁን የሚይዝ የእናት ክንድ የለም። በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንድ የአሜሪካ ዲሲ-10 አውሮፕላን ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ ተከሰከሰ። ከማረፉ በፊት አስተናጋጆቹ በጊዜው መመሪያ መሠረት ጭን ላይ ያሉትን ሕፃናት ወለል ላይ አስተኝተው እንዲይዟቸው ለወላጆች ነገሩ። ከአራቱ ሕፃናት አንዱ ሞተ። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ጃን ብራውን ከዚያ በኋላ ሕፃን ሁሉ የራሱ ወንበር እንዲኖረው ስትከራከር ኖራለች። ሕጉ ግን እስካሁን አልተለወጠም፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚለው የተፈቀደ ካርሲት፣ ማለትም የሕፃን የመኪና ወንበር፣ ይዛችሁ በራሱ ወንበር ላይ ብታስሩት ይሻላል ነው። ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑ ካርሲቱ ላይ ተጽፎበታል። ሌላ ወንበር መግዛት ኪስ ይጎዳል፤ አልክድም። እኛ ገዛን፤ ለዚያ ስንል አንድ ሻንጣ ስጦታ ቀረ፤ ጎረቤት አኮረፈ። ካርሲቱ ውስጥ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ እያያችሁ። ባሲኔት የሚሉትን የአውሮፕላን የሕፃን አልጋ ቀድማችሁ አስይዙ፤ የቀበቶው መብራት ሲበራ ግን ልጁን ከውስጡ ማንሳት አለባችሁ፤ ሲነሳና ሲያርፍም አያገለግልም። አንቀልባ ኤርፖርት ውስጥ እጅ ያሳርፋል፤ ሲነሱና ሲያርፉ ግን ቀበቶን አይተካም።

ከሁሉ የባሰው ፈተና ግን ሰማይ ላይ አልነበረም፤ ቦሌ በር ላይ ነው የጠበቀን። አበባ ይዘው አሥራ ስምንት ሰው ሆነው መጥተዋል። ታላቅ እህቴ ሳል ይዟት እንደ ከረመ ከድምፅዋ ያስታውቃል፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አፏን አሹላ «እንትፍ እንትፍ! እደግ! ተመንደግ!» ልትል ጉንጩ ላይ ስትወርድ ልጄ ደርቃ ቀረች። እምቢ ማለት ነውር ሆነባት። እኔ መሐል ገባሁ። «እትዬ፣ ምርቃቱ ከሩቅም ይደርሳል» አልኳት። ክፉኛ አየችኝ። ያን ጊዜ የልጁን አንዱን እግር ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቼ፣ ካልሲውን ሳላወልቅ፣ ሰጠኋት። ዝም ብላ ቆማ ቆማ ጎንበስ አለችና ተረከዙን ሳመች። አሥራ ሰባቱም ተራ ያዙ።